ያልታመሰው ምጥን



የዛሬው ጽሑፌ ከገዛ ጓዳዬ የወጣ ነው። ጥፋቱም የራሴ ስለሆነ ማንንም ሳልወቅስ አጫውታችኋለሁ። 30 ዓመት ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴት፣ የልጅ ልጄ በምትበላው ገንፎ ውስጥ ያለውን ነገር ሳላስተውል ሁለት ወር አለፈኝ። ያስተዋለችው ፊደል ያልቆጠረች እናቴ ናት።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች እንደምታውቁት የምኖረው አስኮ ነው። በግቢያችን አራት ትውልድ አለ፤ 84 ዓመት የሞላት እናቴ፣ እኔ፣ ልጄና ምራቴ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቤቱ አለቃ የሆነችው የልጅ ልጄ። ነገሩ ሲከሰት 9ኛ ወሯን ይዛ ነበር።

ምራቴ ጠንቃቃ እናት ናት። ሕፃኗ 6 ወር እስኪሞላት ድረስ ከጡት ወተት በቀር ውሃ እንኳ አላስቀመሰቻትም። 6 ወር ሲሞላት ምጥን አዘጋጀንላት፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ጥቂት ሽምብራ። ከአንድ ወር በኋላ ምራቴ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ስለ አኩሪ አተር ሰምታ መጣች።

«እማዬ፣ ፕሮቲኑ ከሥጋ ይበልጣል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እውነት ነው፤ ከደረቁ ፍሬ ከመቶ ወደ 40 እጅ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው» ብዬ እንደ አስተማሪ አጸደቅሁላት።

እርሷም የተፈጨ የአኩሪ አተር ዱቄት ገዝታ መጣች። ሻጩ «የታመሰ ነው» ብሏታል። ከምጥኑ ሲሶ ያህሉን በአኩሪ አተር አደረግነው። ልጅቷም ትበላለች፤ አትጠላውም። ነገር ግን ሆዷ መነፋት ጀመረ። ተቅማጡ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኛ «ጥርስ እያወጣች ነው» አልን። አያት ስንሆን ሁሉንም ነገር በጥርስ እናሳብባለን።

የ9ኛ ወሯን ክብደት ልናስለካ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ ካርዱ ላይ ነጥቡን አደረገችና ዝም አለች። በ7 ወሯ 7.3 ኪሎ ነበረች። አሁን 7.5። ሁለት ወር ሙሉ 200 ግራም ብቻ! በካርዱ ላይ ሽቅብ መውጣት የነበረበት መስመር ተኝቷል። ነርሷ ልጅቷን በደንብ መረመረቻት፣ የተቅማጥ ማከሚያ ንጥረ ነገርና ዚንክ ሰጠችን፣ ጡት እንዳይቋረጥና እንቁላል እንዲጨመርላት መከረችን። በመጨረሻም «ገንፎዋ ከምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ኮራ ብዬ ዘረዘርኩላት።

የዚያን ዕለት ማታ ምራቴ ገንፎውን ልታገነፋ የዱቄቱን ጣሳ ከፈተች። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ አፍንጫዋ ግን አልደከመም። ከመደቡ ላይ እንደተቀመጠች «ያ የከፈትሽው ምንድን ነው?» አለቻት።

«የሕፃኗ ምጥን ነው፣ እማማ።»

«እስኪ አምጪው።»

ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ መካከል አሸችው። አሸተተችው። ምላሷ ላይ አድርጋ ወዲያው ተፋችው።

«ይኼ ጥሬ ነው።»

«እማዬ፣ የታመሰ ነው ተብሎ እኮ ነው የተሸጠልን» አልኳት።

«እኔ የቀመስኩት ዱቄቱን ነው እንጂ ወሬውን አይደለም። እሳት ያላየ ጥራጥሬ ለልጅ አይሰጥም።»

ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ያን ማታ ቆሽቴ ያረረው በሻጩ አልነበረም፤ በራሴ ነው። ነገሩ የቆሽት ጉዳይ መሆኑን ለስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት እኔ ነኛ! እስኪ ለእናንተም እንደ ድሮ ተማሪዎቼ ላስረዳችሁ።

የምንበላው ፕሮቲን እንደ ረጅም የዶቃ ክር ነው። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። የሕፃን ጡንቻ፣ ደምና አእምሮ የሚሠራው ከእነዚህ ዶቃዎች ነው። አንጀት ግን ክሩን እንዳለ መቀበል አይችልም፤ መጀመሪያ ተቆራርጦ መቅረብ አለበት። ይህን የሚቆርጡት መቀሶች ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ናቸው። ከእነርሱ አንዱና ዋነኛው ትሪፕሲን ነው። የሚመረተው በቆሽት ውስጥ ነው። ቆሽት ደግሞ ራሱ ከፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ መቀሱን ክፍቱን አያስቀምጥም፤ በሰገባው እንዳለ ቢላዋ ሸፍኖ ወደ ትንሹ አንጀት ይልከዋል። እዚያ ሲደርስ የአንጀቱ ግድግዳ የሚያመነጨው ሌላ ኢንዛይም ከሰገባው ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ትሪፕሲን ክሩን ሲያገኝ ያገኘበትን ቦታ ሁሉ አይቆርጥም። ላይሲን ወይም አርጂኒን የሚባሉትን ዶቃዎች ይፈልግና ከእነርሱ ቀጥሎ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ጥሬው አኩሪ አተር እንምጣ። በፍሬው ውስጥ ከሚገኙት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ሥራቸው ይህን መቀስ ማሰር ነው። ሳይንቲስቶች «ትሪፕሲን ኢንሂቢተር» ይሏቸዋል። እኔ ለዛሬ «ልጓም» እላቸዋለሁ። ልጓሙ ራሱ ፕሮቲን ነው፤ ከአካሉ አንድ ቀለበት ወጣ ብሎ ይታያል፤ በቀለበቱ ጫፍ ላይም ትሪፕሲን የሚወደው ዶቃ ተቀምጧል። መቀሱ ምግብ ያገኘ መስሎት ይነክሰዋል። ነገር ግን ቀለበቱ የመቀሱን አፍ ልክ ይዞ የተሠራ ግትር ነገር ነው። ቢቆረጥ እንኳ ሁለቱ ጫፎች በሌላ ማሰሪያ ስለተያዙ አይለያዩም፤ ተመልሰው ይገጥማሉ። መቀሱም እንደነከሰ ይቀራል።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሠፈራችን የጫማ ፋብሪካ ቆዳ ቆራጭ ነበር። አንድ ጊዜ ቆዳው ውስጥ የተደበቀ ሽቦ መቀሱን ነክሶ እንደያዘበት ይነግረኝ ነበር። «ቆዳ መስሎኝ ጨመቅሁት፤ ከዚያ በኋላ አልከፈት፣ አልዘጋ አለኝ» ይል ነበር። ትሪፕሲንም እንዲሁ ነው። አንድ ልጓም አንድ መቀስ ይዞ ይቀመጣል። ብዙ ልጓም ያለበት ምግብ ሲገባ ብዙ መቀስ ሥራ ይፈታል።

ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ያልተቆረጠ ፕሮቲን ሳይጠቅም ያልፋል። ሁለተኛው ግን ረቀቅ ያለ ነው። ቆሽት በአንጀት ውስጥ ነፃ ትሪፕሲን ሲያንስ «ጨምር» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ስለዚህ አብዝቶ ያመርታል፤ ያም ይታሰራል፤ እንደገና ያመርታል። ኢንዛይሞቹ ራሳቸው ከአሚኖ አሲድ የተሠሩ በመሆናቸው፣ በተለይ ድኝ ያለባቸውን አሚኖ አሲዶች ስለሚፈልጉ፣ ሰውነት ለዕድገት የሚሆነውን ሀብቱን እየመነዘረ ይጥላል። ጥሬ አኩሪ አተር የተመገቡ አይጦችና ጫጩቶች ዕድገታቸው ሲቀጭጭ ቆሽታቸው ግን ከልክ በላይ ሲያድግ ታይቷል። ዶሮ የምታረቡ አንባቢዎቼ ይህን ሳታውቁት አትቀሩም፤ በመኖ ውስጥ የሚገባው አኩሪ አተር የግድ እሳት ያየ መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ተክሉ ይህን ልጓም ለምን አበጀው? ከእኛ ጋር ጠብ ኖሮት አይደለም። ፍሬ ማለት የተክሉ ልጅ ነው። ስንቁን ታቅፎ መሬት ውስጥ ተቀምጦ ዝናብ ይጠብቃል። ስንቁ ፕሮቲን ስለሆነ ትሉም፣ አይጡም፣ ወፉም ይመኘዋል። ስለዚህ እናት ተክል ስንቁን ትቆልፍበታለች። እ.ኤ.አ. በ1972 ግሪን እና ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ የሚያስገርም ነገር አሳዩ። የድንችና የቲማቲም ቅጠል በጥንዚዛ ሲበላ፣ የተበላው ቅጠል ብቻ ሳይሆን ያልተነኩት ቅጠሎችም ልጓሙን ማምረት ይጀምራሉ። ተክል አፍ ባይኖረውም ለጎረቤት ቅጠል «መጣብህ» ይላል ማለት ነው።

«ታዲያ ነቀዝ ሽምብራዬን እንዴት ጨረሰው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የጥራጥሬ ነቀዝ በአንጀቱ ውስጥ በዋናነት የሚጠቀመው በትሪፕሲን ሳይሆን በሌላ ዓይነት መቀስ ነው። የትሪፕሲኑ ልጓም የእርሱን መቀስ አይገጥመውም። ጥንት ጥንት ቁልፉን የተማረ ሌባ በሉት።

ይህ ልጓም በአኩሪ አተር ውስጥ ከሁሉም ይበዛል። በሽምብራም አለ፣ ግን ያንሳል። በባቄላ፣ በአተርና በምስር ከዚያም ዝቅ ይላል። አፍሪካ ውስጥ ሽምብራ በማምረት ቀዳሚ የሆነች፣ በጾም ወራት ፕሮቲኗን ከጥራጥሬ የምታገኝ አገር ሕዝብ ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። በነገራችን ላይ «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» የሚለው ተረት ልጓሙን አይመለከትም። ያኛው የሚመጣው አንጀታችን ሊፈጨው ከማይችለው የጥራጥሬ ስኳር ነው። ልጓሙ ድምፅ የለውም። ለዚህ ነው ሁለት ወር ሙሉ ያታለለን።

የሳይንሱን ታሪክ ባጭሩ ላንሳ። ኦስቦርን እና ሜንደል የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1917 አይጦችን ጥሬ አኩሪ አተር ሲመግቧቸው አላደጉም፤ ያንኑ አኩሪ አተር ቀቅለው ሲሰጧቸው አደጉ። ምክንያቱ ግን ለብዙ ዓመት ግልጽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1945 ሞዝስ ኩኒትዝ የተባለ ተመራማሪ ልጓሙን ከአኩሪ አተር ለይቶ በክሪስታል መልክ አወጣው። በቀጣዩ ዓመት ቦውማን ሌላ ትንሽ ልጓም አገኘ፤ በኋላም የእስራኤሏ ተመራማሪ ይሁዲት ቢርክ አጥርታ አጠናችው። ይህ ትንሹ ልጓም ሁለት ራስ አለው። በአንዱ ትሪፕሲንን፣ በሌላው ካይሞትሪፕሲን የተባለውን ሌላ መቀስ ይይዛል።

አሁን ወደ እናቴ ምጣድ እንመለስ። ልጓሙ ፕሮቲን ነው ብያለሁ። ኃይሉ ያለው በቅርጹ ላይ ነው። ፕሮቲን ደግሞ በሙቀት ቅርጹን ያጣል፤ እንቁላል ሲቀቀል ነጩ እንደሚረጋው ማለት ነው። ቀለበቱ ከተበተነ መቀሱን የሚይዝበት ነገር የለውም። እንዲያውም ልጓሙ ራሱ ተራ ፕሮቲን ሆኖ ይቆረጥና ይበላል። ጠላት የነበረው ምግብ ይሆናል።

ሁሉም ልጓም ግን እኩል አይፈታም። ኩኒትዝ ያገኘው ትልቁ በሁለት ማሰሪያ ብቻ የታሰረ ስለሆነ ቶሎ ይበተናል። ትንሹ ባለ ሁለት ራሱ በሰባት ማሰሪያ የተጠፈረ ነውና ይከራከራል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ እርጥብ ሙቀት ከደረቅ ሙቀት ይበልጣል። ደረቁን ማመስ ልጓሙን ይቀንሰዋል፤ ነክሮ መቀቀል ግን እጅግ የተሻለ ነው። ሌሊቱን የተነከረ አኩሪ አተር 20 ደቂቃ ያህል በደንብ ሲንተከተክ ከልጓሙ አብዛኛው ይጠፋል።

እስኪ በዚህ ዓይን የእናቶቻችንን ጓዳ ተመልከቱት። የሽሮው እህል ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ ደግሞ ድስት ውስጥ ገብቶ ይንተከተካል። ሁለት ጊዜ እሳት አየ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከነውሃው። አሹቁ ይነከራል። ንፍሮው ይቀቀላል። በቆልቱ ደግሞ ይበልጥ ያስገርመኛል። ፍሬው መብቀል ሲጀምር የቆለፈውን ስንቅ ለራሱ መክፈት ስላለበት ልጓሙንም ቀስ በቀስ ይፈታዋል። እኛ የምናደርገው ፍሬው ራሱ የጀመረውን ሥራ በእሳት መጨረስ ነው።

አገራችን ይህን በፋብሪካ ደረጃም ታውቀዋለች። ብዙዎቻችን ያደግንበት፣ ልጆቻችንንም ያሳደግንበት ፋፋ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ በተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት በሆነው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ነው። ስንዴን ከአኩሪ አተርና ከሽምብራ ጋር ያዋሃደ ነበር። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው፤ እህል ላይሲን የሚባለው ዶቃ ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ እርሱ ሞልቶታል። እንጀራና ሽሮም የሚስማሙት በጣዕም ብቻ አይደለም። ምራቴ አኩሪ አተር መጨመሯ ስሕተት አልነበረም። የጎደለው እሳቱ ነው።

ልጓም ሁሉ ክፉ ነው እንዳትሉኝም እፈራለሁ። ቆሽታችን ራሱ አንድ ትንሽ ልጓም ያመርታል። አንዳንድ መቀስ ያለጊዜው ከሰገባው ቢወጣ ያንን ይዞ ቆሽቱን ከመቆራረጥ ያድነዋል። ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። የኤችአይቪ ቫይረስ ለመራባት የራሱ ፕሮቲን ቆራጭ መቀስ ያስፈልገዋል። ሳይንቲስቶች ያን መቀስ የሚያሥር መድኃኒት ሠሩ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ በአሜሪካ ተፈቀደ። መቀሱ ሲታሰር የሚወለደው ቫይረስ ጭንጋፍ ይሆናል፤ ሌላ ሕዋስ ማጥቃት አይችልም። በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሎፒናቪር፣ ሪቶናቪርና አታዛናቪር የሚባሉትን ስሞች በቤታቸው የሚያውቋቸው አሉ። ከዚያ በፊት ስንት አያት የልጁን ልጅ ለብቻው እንዳሳደገ እኛ የዚያ ዘመን ሰዎች አንረሳውም። በጥሬ ገንፎ ውስጥ ልጅ የሚያቀጭጨው ዘዴ፣ በሌላ እጅ ሲገባ ወላጅን ለልጁ አቆየ።

ያን ማታ ግን ይህ ሁሉ ትምህርት ለምራቴ እንባ አልደረሰላትም። «ልጄን በእጄ ጎዳኋት» ብላ አለቀሰች። እኔ «እኔም እኮ...» እያልኩ ስንተባተብ እናቴ አቋረጠችን።

«እናቷ ስለሆንሽ ነው ያለቀስሽው፤ ይበቃል። ነገ ቅዳሜ ነው። ያንን ዱቄት አስወግጂና አዲስ እህል ግዢ። ምጣዱን እኔ እጠብቃለሁ።»

በነጋታው ጓዳችን ትምህርት ቤት ሆነ። እናቴ የምታውቀው ሽምብራና ባቄላ እንጂ አኩሪ አተር በልጅነቷ አልነበረም። ለእርሷ «ማመስ» በቂ ነው። እኔ ደግሞ ስለ እርጥብ ሙቀት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ምጣድ ላይ እህል መቼ እንደበቃው አላውቅም። ስለዚህ ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ነበርን። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? የሠራነውን ልንገራችሁ።

አኩሪ አተሩን ለቅመን፣ አጥበን፣ በብዙ ውሃ አሳደርነው። ጠዋት ውሃውን ደፍተን በአዲስ ውሃ ጣድነው። ከፈላ በኋላ 20 ደቂቃ በሰዓት ቆጠርኩ፤ እናቴ «እህልም በሰዓት!» ብላ ሳቀችብኝ። አጥልለን፣ ገለባውን አሽተን አወጣንና ሁለት ቀን በፀሐይ አደረቅነው። ከዚያ በኋላ ነው ምጣዱ የመጣው። እናቴ ከአጠገቡ አልተነሳችም። ወርቃማ ሲሆንና ሽታው ሲለወጥ «አውጪው!» አለች። ምራቴ ትንሽ ልትጨምርበት ስትል እጇን ያዘቻት። «ያረረ ደግሞ ሌላ በደል ነው።» ይህም በሳይንሱ ልክ ነው። እህል ሲያር መጀመሪያ የሚጎዳው ያው የምንፈልገው ላይሲን ነው። ሽምብራውንም ነክረንና ቀቅለን አደረቅነው፤ ስንዴና ገብሱን ለየብቻ አመስን። የአኩሪ አተሩን ድርሻ ከሲሶ ቀንሰን፣ ወፍጮ ቤት ራሳችን ቆመን አስፈጨን። ገንፎውም ሲገነፋ በጥድፊያ እንዳይወጣ፣ በደንብ እንዲበስል ተስማማን።

የተዘጋጀ ዱቄት የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥሬ፣ ሣር ሣር የሚል ሽታ ካለው በእርግጥ እሳት አላየም። ሽታው ስለጠፋ ግን በቂ ሙቀት አግኝቷል ማለት አይደለም። ሽታውን የሚያመጣው ሌላ ኢንዛይም ከልጓሙ ቀድሞ በቀላል ሙቀት ይጠፋልና። ስለዚህ የምትችሉ ፍሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ አዘጋጁት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፣ ጓያ ከዚህ ታሪክ ውጭ ነው። የጓያ መርዝ ልጓም ሳይሆን ራሱን የቻለ አሚኖ አሲድ ነው፤ እግር ሽባ የሚያደርግ ሕመም ያመጣል። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በሰፊው ያጠኑት ጉዳይ ነው። መንከርና መቀቀል ቢቀንሰውም እሳት አያነጻውም፤ በሕፃን ምጥን ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለተኛ፣ በእሸት ወቅት አንድ እፍኝ የሽምብራ እሸት የበላ አዋቂ አይደንግጥ። ቆሽት ከሚያስፈልገው በላይ መቀስ አለው፤ ጥቂቱን ልጓም ይችለዋል። አሳሳቢው ነገር ትንሽ ሆድ፣ በየቀኑ፣ በዋና ምግብ መልክ ሲሆን ነው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ተመለስን። ምራቴ ሚዛኑን ማየት ፈርታ ፊቷን አዞረች። ነርሷ 8.1 ኪሎ አለች። በካርዱ ላይ የተኛው መስመር ተነሥቷል። ተቅማጡም ከቆመ ቆይቷል። ምክንያቱ ያ ዱቄት ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ዚንኩም አለ፣ እንቁላሉም አለ፣ ነርሷም አለች። ልጅ ሲቀጥን ወይም ተቅማጡ ሲደጋግመው ከምጣድ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው የሚቀድመው። እኛ ጥርስ ነው እያልን ያባከንነውን ጊዜ እናንተ አታባክኑት።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «ስምንት ኪሎ ከመቶ ግራም ሆነች» ስላት ቁጥሩ አልገባትም። ልጅቷን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ መዘነቻት።

«ከብዳለች» አለች።

ለሳምንት ያድርሰን፤ ቸር ሰንብቱ።